እግር ማን ያያል?

መርሳ ላይ አስፋልቱ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ በረንዳ ላይ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው፣ የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ስሙን ሳይጠይቅ ማንነቱን ሊነግራችሁ ይችላል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ ይኸው ስለሆነ በሙያው በስያለሁ። በደረት ኪሱ አንድ እስክሪብቶ የሰካ መምህር ነው፤ ሁለት የሰካ የቀበሌ ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ የሰካ እስክሪብቶ ሻጭ ነው። በዚህ ሙቀት ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የሚሄደው ወይ ዛሬ ጠዋት ከደጋ የወረደ ነው፣ ወይ ወባ ይዞታል። ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ያደረገው ጎረምሳ ደግሞ የደህና ሰው ልጅ ነው። የድሃ ልጅ የተቀደደ ሱሪ ለብሶ ቢወጣ ፋሽን ነው ብሎ የሚያምንለት የለም። አንዲት ጎረቤታችን ልጇ ከወልድያ ገዝቶ የመጣውን እንዲህ ያለ ሱሪ፣ እሱ እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ አዝናለት ቀዳዳውን ሁሉ ልቅም አድርጋ ሰፋችለት። ጠዋት የተሰማው ጩኸት ሰፈሩን ለለቅሶ አሰባስቦ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ዓይኔ የሚያርፈው ግን ከላይ ኮት፣ ከታች ሽርጥ በለበሰው ሰው ላይ ነው። ሽርጥን የማታውቁ የሌላ አገር ሰዎች ካላችሁ፣ ወገብ ላይ ተጠቅልሎ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ቀበቶም ዚፕም የማይፈልግ፣ ነፋስ እንደልቡ የሚገባበትና የሚወጣበት የቆላ ልብስ ነው። የእኛ የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ሽርጡን ያገለድምና ከላይ ኮቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ወረዳ ይገባል። ይህን አለባበስ ባየሁ ቁጥር ብልሃቱ ይገርመኛል። ከወገብ በላይ ለመንግሥት፣ ከወገብ በታች ለራስ። ጠረጴዛ ኋላ አስቀምጣችሁ ብታዩት ኃላፊ ነው፤ ብድግ ሲል ግን ሽንኩርቱን ውሃ ሊያጠጣ ነው የሚሄደው።

እኔ ከላይም ከታችም ለመንግሥት ነበርኩ። ቡናማ ኮት፣ ከረባት፣ የተተኮሰ ሱሪ፣ በየጠዋቱ ራሴ ቀለም ቀብቼ የምወለውለው ጥቁር ጫማ። ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ ልብሴ አልነበረም። ምክንያቱን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። አንድ ጊዜ ኮቴ ታጥቦ ሳይደርቅልኝ ጋቢዬን ለብሼ ለአንድ ጉዳይ ወልድያ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ጎልማሳ ቀና ብሎ ሳያየኝ "ቆይ፣ እዚያ ጋ ቁም" አለኝ። ቆምኩ። ባለጉዳዩ ሁሉ አልቆ እሱ ለምሳ ሲወጣም ቆሜ ነበር። በሳምንቱ ኮቴን ለብሼ ተመለስኩ። ያው ሰው ብድግ ብሎ "አባት፣ ይቀመጡ እንጂ" እያለ ወንበር ሳበልኝ። ወንበሩ የቀረበው ለኮቴ መሆኑን አውቄአለሁ። ኮቴ ብቻውን መቀመጥ ስለማይችል ግን አገዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ጥሩነሽ "በዚህ ሐሩር አንገትህን ምን አሳሰረህ?" ስትለኝ፣ ሰው የሚከበረው በዚህ ነው እላታለሁ። እሷም "እግዚአብሔር ያክብርህ" ትለኝና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ጎረቤቴ እንድሪስ የማንጎ ነጋዴ ነው። ልጁን ከማልን አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬ የመስኖ ሞተር ጠጋኝ ሆኖ በሞተር ብስክሌቱ ሀብሩን ያካልላል። ይህ ከማል በውርጌሳ በኩል ዘሀራ የምትባል ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። እናቷም ሰማችና ዝም አለች፤ ይህም በእናት ቋንቋ መልካም ነው ማለት ነው። የቀሩት አባቷ ይመር ነበሩ። ስለዚህ ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። በእኛ አገር ለሙስሊሙ ጋብቻ ክርስቲያኑ፣ ለክርስቲያኑም ሙስሊሙ ሽማግሌ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ፣ በዕድሜም በዱዓም ከሚከበሩት ከሼህ ሙሄ ጋር እኔ ተመረጥኩ። ለምን እንደተመረጥኩ እንድሪስ አልደበቀኝም። "መምህር፣ አንቱ ሲኖሩበት ነገሩ ወግ ይይዛል" ሲለኝ ዓይኑ ከረባቴ ላይ ነበር።

ነገሩ ደግሞ የሚቆይ አልነበረም። ከሐራ በኩል ለዚችው ልጅ ሌላ ሽማግሌ ሊላክ ነው የሚል ወሬ ገበያው ውስጥ ይናፈስ ነበር። ከማል ይህን ከሰማ ወዲህ የሰው ሞተር ሲፈታ ብሎኑን የት እንዳስቀመጠው የሚጠፋው ሆኗል ይላሉ።

ማልደን በሚኒባስ ውርጌሳ ወረድን። ከዚያ አስፋልቱን ለቀን በእግር ወደ ታች። ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፤ እኔም ለጫማዬ ደረቅ ደረቁን እየመረጥኩ እሄዳለሁ። በመሀሉ ሼህ ሙሄ የሚያውቁት ሰው አገኙ። ሀብሩ ውስጥ ሼህ ሙሄ የማያውቁት ሰው ስለሌለ ይህ የሚጠበቅ ነው። የወሎን ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ከሰውዬው ጤና ይጀምርና ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ከብቱ፣ ከከብቱ ወደ ዝናቡ ይሄዳል፣ ሁሉም አልሐምዱሊላህ ከተባለለት በኋላ የተረሳ እንዳይኖር እንደገና ከራሱ ይጀመራል። እኔ ከጥጃዋ ላይ ሲደርሱ ትቼአቸው ቀደምኩ።

የይመር ግቢ አጥር ጋ ስደርስ አንድ ሰው አገኘሁ። ሽርጡን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ካናቴራው ላቡን ጠጥቶ ከገላው ተጣብቆ፣ ባቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ በዶማ ውሃ ወደ ሽንኩርቱ መደብ ይመልሳል። እኔ የበረንዳው ሰው አንባቢ፣ አንድ ጊዜ አየሁትና ማን እንደሆነ አወቅሁ። ቅጥር ሠራተኛ ነው።

"አንተ፣" አልኩት፣ "ጌታህ አሉ?"

ሰውዬው ቀና አለ። ከጫማዬ ጀመረና በሱሪዬ፣ በኮቴ፣ በከረባቴ አድርጎ ቀስ ብሎ ፊቴ ላይ ደረሰ። ከዚያም "ልይልዎት" አለና ዶማውን አጥሩ ላይ አስደግፎ በጓሮ በኩል ገባ። ቆሜ ጠበቅሁ። ብዙ ቆይቶ አንዲት ወይዘሮ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወጡና፣ በትሕትና፣ ባለቤታቸው እንደሌሉ ነግረውኝ ሌላ ቀን እንድንመለስ ለመኑኝ። እኔም በልቤ ያንን ሠራተኛ ታዘብኩት። አንድ ዱካ እንኳ አውጥቶ ተቀመጡ አይልም?

ሼህ ሙሄ ደረሱ። "ይመር ለምን አላስገባህም?" ሲሉ ጠየቁኝ። ቤት ውስጥ የሉም ተባልኩ አልኳቸው።

"ኧረ አሁን አጥሩ ጋ ካንተ ጋር ቆሞ ሲያወራ በዓይኔ አይቼዋለሁ" አሉ።

እዚያው በቆምኩበት ከረባቴ ጠበበኝ። ምን ብዬ እንዳናገርኳቸው ሼህ ሙሄ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ሼህ ሙሄ የተቆጡ እንደሆነ አይናገሩም። መርሳ እስክንደርስ አልተናገሩም።

አፈርኩ። ሰው ሲያፍር ፊቱ ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እግሬ ከበደኝ እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማኝም። በማግስቱ እንድሪስ ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣኝም፣ ማንጎውን መምረጥ ቀጠለ። ከማል ደግሞ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ እንደ ወትሮው ከሞተሩ ወርዶ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳኝ። አንዲት ቃል ቢናገረኝ በተሻለኝ ነበር። ያን ቀን ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይም አልተቀመጥኩም።

በሦስተኛው ቀን ሼህ ሙሄ ራሳቸው ቤቴ መጡና ፍርዳቸውን አሰሙኝ። በአገሩ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ የተበደለው ደጅ ላይ ይወድቃል።

"ወይ ድንጋይ ትሸከማለህ፣ ወይ ሽርጥ ታገለድማለህ" አሉኝ። "ምረጥ።"

አትሳቁ፤ ረጅም ጊዜ አሰብኩበት። ድንጋዩን ውርጌሳ ወርዶ ከአጥሩ ሥር ማንሳት ይቻላል፣ የሚያየውም ይመር ብቻ ናቸው። ሽርጡ ግን ከቤቴ ጀምሮ በአስፋልቱ፣ በሻይ ቤቶቹ ሁሉ ፊት፣ ያስተማርኳቸው ልጆች በየበሩ ቆመው እያዩኝ ነው የሚያልፈው። ለክብሬ ድንጋዩ ይሻል ነበር። ወገቤ ግን ድንጋይ ከተሸከመ ዓመታት አልፈውታል። ሽርጡን መረጥኩ።

እንድሪስ አረንጓዴ መስመር ያለበት አዲስ ሽርጥ አመጣልኝ። ጥሩነሽ ሳቋን ለማፈን ሻሿን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ሽርጡ አልጠብቅ ሲለኝ ደግሞ ከላዩ ቀበቶዬን አጠበቅሁበትና በጋቢ ሸፈንኩት። ልወጣ ስል ዓይኗ ወደ ታች ሄደ።

"ጫማውስ?" አለችኝ።

ቤት ውስጥ ያለው ሌላ መጫሚያ የመታጠቢያ ቤት ሰንደል ጫማ ነው። ሽርጥ ለብሻለሁ፣ ጋቢ ደርቤአለሁ፣ ከረባቴን ሚስማር ላይ ሰቅያለሁ፤ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያህል ይውረድ? ካልሲዬን ሳብ ሳብ አደረግሁና "እግር ማን ያያል?" አልኳት።

በዚያ ጠዋት የሆነውን ሁሉ አልነግራችሁም። ሁልጊዜ ከወንበሩ ብድግ የሚልልኝ የሻይ ቤቱ ባለቤት ዓይኑ አልፎኝ ሄደ። አንዱ ያስተማርኩት ልጅ ብቻ "መምህር ታመሙ እንዴ?" ብሎ ጓደኛውን ሲጠይቅ ሰማሁ። የሚኒባሱ ረዳት ደግሞ "ፋዘር፣ እስቲ ጠጋ በል" ብሎ በክርኑ ገፋ አደረገኝ። ቅር አለኝ፤ ቆየት ብሎ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝና ደስ አለኝ። ለካ እኔን የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሚታወቀው ኮቴ ነው። እንዲህ ከሆነ ይመርም አያውቁኝም።

ለይቅርታው የሚሆን ንግግር መንገዱን በሙሉ ሳጠና ነበር። ከሼህ ሙሄ ጋር አጥሩ ጋ ደርሰን ደጁ ላይ ካለው ዋርካ ሥር እንደ ሽማግሌ ደንብ ተቀመጥን። ይመር ወጡ። ያንኑ ሽርጥ እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ያንኑ ካናቴራ ለብሰው፣ እግራቸው እስከ ባታቸው ጭቃ ነው። ሆን ብለው ይሁን ሥራ ላይ ሆነው እስካሁን አላውቅም። ብድግ ብዬ ወገቤ እስኪንቋቋ እጅ ነሳሁ። ሰላምታው እስከ ከብቱና ዝናቡ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ከፊታችን ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ወደ ሼህ ሙሄ ዞሩ።

"ሼህ፣ እኚያ ኮት የለበሱት ሰውዬ ዛሬ አልመጡም?"

ሼህ ሙሄ ሙስበሃቸውን መቁጠር ጀመሩ። ጊዜዬ ነበር። ንግግሬ አፌ ላይ ነበር።

"አልመጡም" አልኩ እኔ።

ይኸውላችሁ፤ በገዛ አንደበቴ ራሴን መርሳ ላይ አስቀረሁት።

"ኸይር ነው" አሉ ይመር። "እንዲያ ከሆነ እንደልቤ ልናገር። ከማልን አልጠላሁትም። ሞተሬ ሲቆም መጥቶ እዚህ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ሠርቶልኛል። የፈራሁት ሌላ ነው። ልጄ የተማረች ናት፣ ከተማ ልትገባ ነው። ነገ ናፍቃኝ፣ እንዲህ እንዳለሁ ከማሳዬ ተነስቼ ልጠይቃት ብሄድ፣ በሯ ላይ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ቆሞ 'አንተ፣ ጌታህ አሉ?' ቢለኝስ? እሷ ከውስጥ ሰምታ ምን ትላለች? አባቴ ነው ትላለች ወይስ ዝም ትላለች? ወላሂ ያን ለታ በጓሮ ገብቼ የቀረሁት ተቆጥቼ አይደለም። ፈርቼ ነው።"

የተሰደቡ መስሎኝ ነበር የመጣሁት፤ ሰውዬው የፈሩት ልጃቸውን እንዳያጡ ነው። ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

"አባቴ ነው ትላለች" አልኩ። "እሷ እንኳ ዝም ብትል እኛ እንላለን።"

"ዋሷ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

ይመር ትንሽ አዩኝ። ከዚያ በጀ አሉና አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። እኚያ ኮት የለበሱት ሰውዬ ለሠርጉ ይምጡ፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው ከእሳቸው ጎን ይቀመጡ፤ እሳቸውም በሽርጣቸው ይቀመጣሉ፤ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ይያቸው። ይህን ለሰውዬው እነግርላቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሼህ ሙሄ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኔም ከማንም ድምፄን ከፍ አድርጌ አሜን አልኩ። ለእኔ የጾም ቀን ስለነበረ ሽሮ ለብቻ ቀርቦልኝ በላሁ። ነገሩ አለቀ። ሳይታወቅብኝ አለቀ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ይመር አጥሩ ድረስ ሸኙን። እዚያ፣ ያን ለታ በቆምኩበት ቦታ ላይ፣ ቆም ብለው ወደ ታች አዩ።

"ጫማዎን ጭቃ ነካው" አሉኝ። ከዚያም ቀና ብለው አዩኝና፣ "ያን ለታም እንዲሁ ነክቶት ነበር።"

ወደ እግሬ አየሁ። ከአረንጓዴው ሽርጥ ሥር፣ ነጭ ካልሲዬ ላይ ክሩ በደንብ የታሰረ ጥቁር ቆዳ ጫማ፣ እንደ ተማሪ በሰልፍ ቆሟል። አንገቴን ማንሳት አቃተኝ። እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ "አፉ በሉኝ" አልኩ። "አፉ ብያለሁ" አሉ፣ "ሰውዬውንም አፉ ብለዎታል ይበሉልኝ።" ሼህ ሙሄ ሲቆጡ እንደማይናገሩ ነግሬያችኋለሁ። ሲስቁ ግን መርሳ እስክንደርስም አላቆሙም።

የሠርጉ ቀን በቃሌ ተገኘሁ። ቡናማው ኮት፣ ከረባቱ፣ ጫማው፣ ሁሉም በቦታው። ይመር ንጹሕ ሽርጥ አገልድመው ከጎኔ ተቀምጠዋል። ዳሱ ሞልቶ፣ ሰዉ እየበላ ሳለ፣ ከወልድያ የመጣ አንድ ባለ ሙሉ ልብስ እንግዳ ገባ። ዙሪያውን ቃኘና፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

"እንኳን ደስ ያለዎት፣ የሙሽራዋ አባት" አለኝ። ከዚያም ወደ ይመር ዞሮ፣ "አንተ፣ እስቲ ለእኔ ከአባት ጎን ቦታ ልቀቅልኝ።"

ዋስ ነኝና አፌን ከፈትኩ። የሚያስፈልግ አልነበረም። ዘሀራ ከባሏ ጋር የወላጆቿን ጉልበት ልትስም ከኋላችን ደርሳ ነበር። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ያን ሁሉ ልብስ ለብሳ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከችና፣ የይመርን ጉልበት፣ ሽርጡን በሁለት እጇ ጨብጣ ሳመች።

"አባቴ እሳቸው ናቸው" አለች።

ይመር እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ብዙ ቆዩ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔም ከረባቴ ውስጥ የገባ ነገር ያለ አስመስዬ ዓይኔን አበስኩ። እንግዳው ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት፣ ይቅርታ ይቅርታ እያለ ከዳሱ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። አዘንኩለት፤ ልናገርለትም ፈለግሁ። ይመር ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"አብሽሩ" አሉኝ። "እሱም አንድ ቀን ለሽምግልና ይላካል።"

የሰውዬውን እግር አየሁ። ጫማው ያበራል።